ላፕቶፔ ሊድረኝ ሲል

«ሊኑክስ የገባበት ኮምፒውተር ጌም አይከፍትም፤ ወደ ኋላም አይመለስም።»

ይህን የሚለው እንድሪስ ነው። እንድሪስ እዚህ ኮምቦልቻ ከቤታችን ፊት ለፊት ፎቶ ኮፒ ቤት አለው፤ መታወቂያ ኮፒ ሊያስደርግ የገባ ሰው ሁሉ ይህን ወሬ ሳይሰማ አይወጣም። መጀመሪያ ሲያወራው የተበላሸው ላፕቶፕ ደሴ ያለ የአክስቱ ልጅ ንብረት ነበር። ቆይቶ የአንድ የባቲ ነጋዴ ሆነ። ባለፈው ሰሞን ደግሞ የሐርቡ ፋርማሲ ሆኖ አረፈው። ያ ላፕቶፕ በየሳምንቱ በሌላ ከተማ ይሞታል፤ የሚቀብረው ግን ሁልጊዜ እንድሪስ ነው።

እኔ በወሬው አልደነገጥኩም። ኮምፒውተር ማንም አላስተማረኝም፤ ራሴ ፈትቼ፣ ራሴ ገጥሜ፣ የተረፈኝን ብሎን ራሴ ደብቄ ነው የተማርኩት። ያመነችኝ እህቴ ራሕመት ናት። ላፕቶፑ የጋራችን ነው፤ እሷ መምህርት ስለሆነች ቀን ፈተና ታወጣበታለች፣ ማታ እኔ ኳስ እጫወትበታለሁ። ዊንዶውሱ ካረጀ በኋላ ግን ተከፍቶ እስኪያበቃ ሽሮ ይበስላል። በዊንዶውሱ ፈንታ ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም እንጫንበት፣ ነፃ ነው፣ ለአሮጌ ማሽንም ይቀለዋል አልኳት። እሺ አለች፤ እንድሪስ እየነገራትም ቢሆን እሺ አለች።

ችግሩ ሊኑክስ አንድ አለመሆኑ ነው። መዓት ዓይነት አለው፤ ዓይነቱን ዲስትሮ ይሉታል፣ እያንዳንዱም የራሱ ስም፣ የራሱ መልክና የራሱ ጭፍራ አለው። አንዱን ከማውረዴ ስለሌላው አነባለሁ፤ ሌላውን ከማውረዴ የመጀመሪያውን የሚሳደብ ሰው አገኛለሁ። ያገኘውን የሚጭን የማያውቅ ሰው ነው፣ የሚያውቅ ይመርጣል ብዬ ስመርጥ ሰነበትኩ። በመጨረሻ ራሕመት ተቆጣች። እስከ ዓርብ ድረስ ካልተስተካከለ ላፕቶፑን ለእንድሪስ ነው የምሰጠው አለችኝ። እንድሪስ ለመለዋወጫ ይፈልገው ነበርና ዓይኑን ከጣለበት ቆይቷል።

ትላንት ሐሙስ ነበር። እንደተናደድኩ ተኛሁ፤ ሌሊት በሕልሜ ላፕቶፔ አዝሎኝ ሲሄድ አየሁ።

እኔ ቦርሳ ውስጥ ነበርኩ፤ ጭንቅላቴ ብቻ ብቅ ብሏል። ላፕቶፑ እግር አውጥቶ የሐረጎን ዳገት እያለከለከ ይወጣል። ሰዎች ባጃጅ ትከሻቸው ላይ ተሸክመው ይሮጣሉ፤ ባጃጆቹ ደግሞ ከላይ ሆነው «ወራጅ አለ» ይላሉ። የመብራት ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ፣ መብራት በዝቶብናልና እባካችሁ ትንሽ ውሰዱልን ብለው ይለምናሉ። አንዲት ሴትዮ በሯን ገርበብ አድርጋ ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለሱ አለቻቸው። ራሕመትን ትምህርት ቤቷ ደጃፍ ላይ ተንበርክካ አየኋት፤ የአንደኛ ክፍል ተማሪዎች የቤት ሥራ አልሠራሽም ብለው እየገሰጿት ነው። እጄን አውለበለብኩላት። ዓይኗን አጠበበችብኝና «ዓርብ» አለች።

ከዚያ ጥገና ቤት ደረስን። መደርደሪያው ላይ የተደረደሩት ሰዎች ናቸው። አንዳንዱ አንገቱ ላይ ወረቀት ተንጠልጥሏል፣ አንዳንዱ ባለቤቱ ረስቶት አቧራ ጠጥቷል። ቴክኒሻኑ ጅራቱ የተቆረጠ አሮጌ ማውስ ነበር።

«ይቺ ሰው ዘግይታብኛለች» አለው ላፕቶፑ። «ጠዋት ስትነሳ ዕድሜዬን ትጨርሰዋለች። አንድ ነገር ስጠይቃት ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ መልስ የለም።»

ማውሱ ጆሮዬን ከፍቶ ወደ ውስጥ ነፋበት። ብዙ አቧራ ወጣ። «ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ከፍታለች» አለ። «ፎርማት ትደረግ።»

በእኛም ሰፈር ቴክኒሻን የሚያውቀው ቃል ይኸው አንድ ነው። ስክሪን ቢሰበርም ፎርማት፣ ቻርጀር ቢጠፋም ፎርማት። ግን ሲደርስብኝ አልሳቅኩም።

«ፎርማት ከተደረግኩ የተማርኩት ሁሉ ይጠፋል» አልኩት።

«ማን አስተማረሽ?»

«ራሴ።»

«እንግዲያው ራስሽ ትደግሚዋለሽ» ብሎ ብሎን መፍቻውን አነሳ።

ላፕቶፑ አንጀቱ አልቻለም። ከልጅነቴ ጀምሮ ጭኔ ላይ ያደገ ሳይሆን ጭኑ ላይ ያሳደገኝ ይመስል፣ ልጄን አላስነካም አለ። ማውሱም ሌላ መንገድ እንዳለ ነገረው። ለአንድ ደህና ዲስትሮ ከዳረኝ እንዳለሁ እቀጥላለሁ። እስከ ቀትር ካልዳረኝ ግን ዳኛ ፊት እቀርባለሁ፤ ዳኛው ደግሞ ሁሉን የሚያጠፋው አዝራር በእጁ ነው። ላፕቶፑ በአንድ እጁ እኔን፣ በሌላው ገመዱን ሰብስቦ ወደ ቤት ሮጠ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አባባ አልኩት።

ቤት ስንደርስ ወለሉ ላይ ሆኖ ጣሪያው ጠበቀን፤ እሱን ረግጠን ገባን። ሽማግሌዎቹ ቀድመውናል። በእኛ አገር ሽማግሌ ለልጅ ጥየቃ ሲላክ ጉዳዩን ሳይናገር አይቀመጥም። እነዚህ ግን ተጋድመዋል። ዲስትሮዎቹ የላኳቸው፣ ጋቢ የለበሱ ፍላሾች ናቸው፤ ጉዳያችንን ሳንናገር አንነሳም ብለው ትራስ ይሻማሉ። አባባ ብቻ ቆሞ እጁን ያፍተለትላል።

መጀመሪያ የተናገሩት ከኡቡንቱ የተላኩት፣ ጋቢያቸው ጥንድ የሆነው ሽማግሌ ናቸው። ልጁ በዓለም የታወቀ ነው አሉ፤ የትም ብትሄድ የማያውቀው የለም፣ አንድ ነገር ቢቸግራት ምን ይሻለኛል ብላ ስትጠይቅ ሺህ ሰው ይመልስላታል።

«ሺህ ሰው የሚመልሰው ሺህ መልስ ነው» አልኩ።

አባባ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። ሽማግሌው ግን አልተቀየሙም፤ ከነዚያ መልሶች አንዱ መቼም ይሠራል አሉ። እውነታቸውን ነበር። ግን እኔ ሰፈሩ ሁሉ ያገባውን ማግባት አልፈለግኩም።

ቀጥሎ የአርች ሽማግሌ ሳይነሱ በተጋደሙበት እጃቸውን አጨበጨቡ፤ በሩ ተከፍቶ ድንጋይ፣ ማገርና ጭቃ ቤቱ መሐል ተራገፈ። ቤቱ የታለ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ይኸው። አንቺ ትሠሪዋለሽ። በሩ የት ይሁን፣ መስኮቱ የት ይሁን፣ ልጃችን ጣልቃ አይገባም።»

«ልጁስ?»

«እሱንም አንቺ ትገጥሚዋለሽ» አሉና በጨርቅ የተጠቀለለ አንድ እጅ ሰጡኝ። እጁ ጨበጠኝ። ጨዋ እጅ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ልቤ ከጀለው። እንዲህ ያለውን ማግባት ሌላ ነገር ነው፤ በእንድሪስ ደጃፍ ሲታለፍ አንገት ቀና ያደርጋል። አባባ ገብቶታል መሰለኝ ጉሮሮውን ጠረገ። «ልጄ ጀማሪ ናት» አላቸው።

ጀማሪ የሚለው ቃል አጥንቴን ነካኝ። ማን ነው ጀማሪ፣ አንተን ስንት ጊዜ ፈትቼ የገጠምኩህ እኔ አይደለሁም ወይ አልኩት። እሱም ብሎኑ ትዝ ብሎት ይሁን አላውቅም፣ ጎኑን ዳሰሰ።

«ገጥመሽኛል» አለ። «ግን ነገ ጠዋት ራሕመት ፈተና ላትም ስትል ፕሪንተሩን የሚያናግርላት ማነው? ድንጋይ ስትፈልጪ ትውያለሽ፣ ልጆቹ ያለ ፈተና ይመለሳሉ።»

የአርችን እጅ በጨርቁ ጠቅልዬ መለስኩት፤ ሲሄድ አውለበለበልኝ።

ሦስተኛው የባዛይት ሽማግሌ ናቸው። እሳቸው ተጋድመውም ኳስ ያንከባልላሉ፤ ከጋቢያቸው ሥር ጆይስቲክ ይታያል። ልጃቸው ለጌም የተፈጠረ ነው፤ ጌም የሚወርድበት መደብር ከነምኑ ቀድሞ ተጭኖ፣ ሁሉ ነገር ተሰናድቶ ነው የሚመጣው። አንድ ነገር ብቻ አለ አሉ። የቤቱ መሠረት የተቆለፈ ነው፣ ግድግዳ መነካካት የለም።

«ምስማር ብመታስ?»

«ለጋቢሽ መስቀያ ውጪ ቦታ ተሰጥቶሻል። ግድግዳውን ግን ተዪው።»

ይህም ባልከፋ ነበር። ግን አባባ ማሳል ጀመረ፤ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ጮኸ። እኔ አርጅቻለሁ አለ በሹክሹክታ፣ አዲስ ማሽን ቢሆን ኖሮ እሰየው፣ ይህን የመሰለ ጎረምሳ ተሸክሜ ግን የትም አልደርስም። ሽማግሌው ራሳቸው አዘኑለትና ኳሱን አቆሙ።

ማን ቀረ ብዬ ዞር ስል ጥግ ላይ አንዲት ደቃቃ ፍላሽ የናና ቅጠል ይዘው ተጋድመዋል። ከሁሉ ቀድመው የመጡት እሳቸው ናቸው፤ ማንም ልብ አላላቸውም። ከሚንት ነው የተላክሁት አሉ።

«ልጃችን ብዙ አይወራለትም» አሉ። «ቤቱ ስትገቢ የምታውቂው ቤት ይመስልሻል። ማብሪያ ማጥፊያው እዚያው ነው፣ ጓዳው እዚያው ነው። የጌም መደብሩን ራስሽ ታስገቢያለሽ፤ አንዴ ነው፣ ከዚያ በኋላ ረስተሽው ትጫወቻለሽ። ለአባትሽም አይከብደውም።»

«እንዲህ ያለውንማ እንድሪስም ያገባዋል» አልኩ።

ሽማግሌው ናናቸውን አሸተቱ።

ያኔ ነው የማይጠየቀውን የጠየቅኩት። ሳላገባ ቤቱን ገብቼ ማየት እችላለሁ ወይ አልኩ። የአባባ ስክሪን በሐፍረት ቀላ፣ ሊያጠፋው ሲል እኔው ያዝኩት። የተጋደሙት ሽማግሌዎች ግን እርስ በርስ ተያይተው ሳቁ።

«የእኛ ወግ ይኸው አይደል እንዴ» አሉ የሚንቱ። «በፍላሹ ትገቢያለሽ፣ ቤቱን ታያለሽ፣ ዕቃ ሳታነሺ ትወጫለሽ። ካልወደድሽው ማንም አላየሽም፤ አባትሽም እንደነበረ ነው።»

ጋቢያቸውን ገለጥ ሲያደርጉ በር ታየ፤ ገባሁ።

ውስጡ የተጠረገ ነው። ድምፁ ይሰማል፣ ኔትወርኩ ሳይለመን ተገናኘ። ፕሪንተሩ ከመቀመጫው ተነስቶ ደህና አደርሽ፣ የእህትሽ ፈተና ስንት ገጽ ነው አለኝ። በጓሮ በኩል ስታዲየም ነበር። ኳሷ መሐል ቆማለች፤ ጎሎቹ ናቸው እየሮጡ ወደ እሷ የሚመጡት፣ ተጫዋቾቹ ተመልካች ወንበር ላይ ሆነው ተመልካቹን ይሳደባሉ። ተጫወትኩ። ደርቆ አልቀረም፣ ስክሪኑም አልጠቆረም። የእንድሪስ ወሬ ትዝ አለኝና በደንብ ሳቅኩ።

ከስታዲየሙ ባሻገር ሌላ ትልቅ በር ነበር፤ ዱላ የያዘ ዘበኛ ቆሞበታል። ከየት ነሽ አለኝ። ከሊኑክስ አልኩት።

«አትገቢም።»

«ምን አደረግኩ?»

«ምንም። ግን ኪስሽን መፈተሽ አልችልም። የመፈተሻ እጄን የሰጡኝ ለዊንዶውስ ሰው ብቻ ነው» ብሎ እጅጌውን አሳየኝ። እውነትም ባዶ ነበር።

ተናድጄ ተመለስኩና ለሽማግሌው ከሰስኩ። እሳቸውም አልሸሸጉኝም። በኢንተርኔት ከሰው ጋር የሚገጠምባቸው አንዳንድ ጌሞች አጭበርባሪ የሚጠብቅ እንዲህ ያለ ዘበኛ አላቸው፤ የእኛን ሰዎች የሚያሳልፍም አለ፣ የማያሳልፍም አለ፤ ሰው ከማግባቱ በፊት የእሱ በር የትኛው እንደሆነ ይይ አሉኝ። የአንቺስ በር የትኛው ነው ሲሉኝ አሰብኩ። እኔ ብቻዬን ነው የምጫወተው፣ አለዚያም ከጎረቤት ልጅ ጋር በሁለት ጆይስቲክ። በዚያ በር ገብቼ አላውቅም። የሰፈራችን ኔትወርክ ዘበኛው ጋ ሳይደርስ ነው የሚወድቀው።

ስወጣ ቀትር ሆኗል፤ ቤቱም ቤት መሆኑ ቀርቶ ችሎት ሆኗል።

ዳኛው እንድሪስ ነበር። መጋረጃ ደርቦ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ላይ ተቀምጧል። በተናገረ ቁጥር ማሽኑ ያበራና ከሥሩ አንድ ሌላ እንድሪስ ይወጣል።

«ሊኑክስ የገባባት ሴት ጌም አትከፍትም፤ ወደ ኋላም አትመለስም» አለ እንድሪስ።

አትመለስም አለ ቅጂው። አትመለስም አለ የቅጂው ቅጂ። ቀለሙ እያለቀ ሄዶ ኋላ ያሉት ገርጥተዋል፤ ድምፃቸው ግን የባሰ ጎልቷል።

«ማን አየ?» አልኩ።

ዳኛው ወደ ኋላው ጠቆመ። ቅጂው እኔ ከእሱ ነው የሰማሁት፣ ያየው ከኋላዬ ያለው ነው አለ። ያኛውም ወደ ኋላ ጠቆመ። ሰልፉን ተከትዬ እስከ መጨረሻው ሄድኩ። መጨረሻ ላይ የቆመው ባዶ ነጭ ወረቀት ነበር።

«ይኸው ምስክርህ» ብዬ አንስቼ አሳየሁት። ችሎቱ ሳቀ። እንድሪስ ግን አዝራሩን ይዟል፤ አዝራር የያዘ ሰው መሳቅ አያስፈልገውም።

«መረጥሽ ወይስ አልመረጥሽም?»

አባባ ከኋላዬ ለመነኝ። ልጄ፣ አንዱን በይ አለ፣ ማናቸውም ይሆኑሻል። እኔም አንዱን ልል አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ኡቡንቱ በሺህ ሰዎቹ ታጅቦ ታየኝ፤ የአርች እጅ በመስኮት አውለበለበልኝ። እስቲ አንድ ጊዜ ላወዳድር አልኩ። ማውሱ ተስፋ ቆርጦ ግንባሬን ከፈተው። ግንባሬ ላይ «ሁሉም ይጥፋ?» የሚል ተጽፎ ነበር፤ ከሥሩ ሁለት መልስ አለ፣ «አዎ» እና «እሺ»።

የማውሱ ጣት ሲነካኝ መርሳት ጀመርኩ። መጀመሪያ ብሎን ወደ የት እንደሚፈታ ጠፋኝ። ቀጥሎ የይለፍ ቃሌ። ቀጥሎ የራሕመት መልክ ከአገጯ ጀምሮ መጥፋት ጀመረ። ስሜ ጋ ሲደርስ፣ ሰዓዳ ከሚለው ሰ ብቻ ሲቀር፣ ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

«ሚንት። ሚንት ይሁን።»

ሽማግሌዎቹ በመጨረሻ ተነሱ። አባባ ዕንባውን በገመዱ ጠረገ። የሚንቱ ሽማግሌ ወደ ጆሮዬ ቀረብ አሉ፣ ናናው ሸተተኝ።

«ልጄ፣ ጥሩ መርጠሻል» አሉ። «ትንሽ ቀደም ብትዪ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነበር።»

ነቃሁ።

ፀሐዩ ግድግዳው ላይ ወጥቷል። ልቤ ቀለለኝ፤ ሰንብቶ ያልተፈታው ነገር በእንቅልፌ ተፈትቷል። ሚንትን ካወረድኩት ቆይቻለሁ፣ ያወረድኩበት ፍላሽ ትራሴ ሥር ነው። ሳልጭነው እሞክረዋለሁ፣ ደግ ከሆነ እጭነዋለሁ፣ ራሕመት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፈተናዋን ራሷ ትከፍትበታለች ብዬ ከአልጋ ወረድኩ። ጠረጴዛው ላይ ቻርጀሩ ነበር። ከቻርጀሩ አጠገብ አቧራ ያልነካው የላፕቶፕ መጠን ያለው ቦታ ነበር።

ራሕመት በር ላይ ጫማዋን ታስራለች።

«ዓርብ ነው» አለች ቀና ሳትል።

«እታለም፣ ዓርብ እኮ ገና መጀመሩ ነው።»

«ለአንቺ ነዋ። እኔ ግን ፈተናው አሁን ያስፈልገኛል።» እንድሪስ ገና ሱቁን ሲከፍት ወስዳ ሰጥታዋለች፤ በምትኩ እስከ ዓመቱ ማብቂያ ፈተናዎቿን እሱ ይጽፍላታል፣ ያትምላታል። ዛሬ የሚያስፈልጋትም ታትሞ እጇ ላይ ነበር።

ፍላሹን ጨብጬ በነጠላ ጫማ ተሻገርኩ። ላፕቶፔ ባንኮኒው ላይ በጀርባው ተንጋሏል፤ ሆዱ ተከፍቷል፣ ብሎኖቹ በውኃ ጠርሙስ ክዳን ውስጥ ናቸው። አንድ ብሎን ጎድሎ አገኘሁት አለኝ እንድሪስ። ስክሪኑን በመጀመሪያው ሚኒባስ ባቲ ላለ ደንበኛው ልኮታል። ራሙን ደግሞ ለራሱ ኮምፒውተር ጨምሮታል።

«አንቺ ልጅ፣ እንዴት እንደፈጠነ አትጠይቂኝ» አለና ሊያሳየኝ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አስነሳው።

ስክሪኑ ጠቆረ። ከጥቁሩ መሐል ክብ አረንጓዴ ምልክት ብቅ አለ። ስለ ዲስትሮዎቹ ሳነብ በሰነበትኩበት ጊዜ ሁሉ ያን ምልክት ሳየው ነው የከረምኩት።

«ይህ ምንድን ነው?» አልኩት።

«አንቲቫይረሱ ነዋ። የሸጠልኝ የደሴው ቴክኒሻን ነው የጫነልኝ። ይህ አረንጓዴ ካልታየህ ቫይረስ ገብቷል ማለት ነው ብሎኛል፤ ጎበዝ ልጅ ነው።»

የዊንዶውስ ሰማያዊ ሥዕል መጣ፤ ቴክኒሻኑ ደንበኛው እንዳይደነግጥ ከላይ ያለበሰው ሥዕል ነው። ማውሱን ከእጁ ወስጄ ስለ ማሽኑ የሚነግረውን ገጽ ከፈትኩ። ሊኑክስ ሚንት ይላል። እንድሪስ አላየውም፤ ወረቀት እየጨመረ ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ይህ አንቲቫይረስ ያለህ?»

«ከገዛሁት ጀምሮ። አንድ ቀን አስቸግሮኝ አያውቅም» አለና ማውሱን ተቀብሎኝ፣ ጠዋት ጠዋት ደንበኛ እስኪመጣ እንደሚያደርገው፣ የኳስ ጌሙን ከፈተ።

ልነግረው አፌን ስከፍት አንድ ሰውዬ ላፕቶፕ ታቅፎ ገባ። የእህቱ ልጅ ሊኑክስ አስጭንበት ብሎት ምክር ፈልጎ ነው። እንድሪስ ዓይኑን ከጨዋታው አላነሳም።

«ሊኑክስ የገባበት ኮምፒውተር ጌም አይከፍትም» አለው፤ «ወደ ኋላም አይመለስም።»

ጎል አገባ።